የሐዋይ የማዕበል ሳንቃና ጌጡ

በዛሬዪቱ ሐዋይ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት፣ በእጅ ሥዕል የተጌጡ የእንጨት ሰርፍቦርዶች፣ ማለትም የማዕበል መጋለቢያ ሳንቃዎች፣ የደሴቶቹን ጥንታዊ ልማድ ለማክበር የሚሠሩ ቢሆኑም፣ ሥዕሉ ራሱ የጥንቱ ልማድ አካል አልነበረም። የቀድሞው ጠራቢ ውበትን የሚፈልገው በእንጨቱ ምርጫ፣ በቅርጹና በልስላሴው ነበር።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በጽሑፍ የሰፈረው ትውፊት እንደሚያስረዳው፣ ጠራቢው ዛፉን ከመቁረጡ በፊት ኩሙ የተባለውን ቀይ ዓሣ ከግንዱ ሥር ያኖር፣ ዛፉ ከወደቀ በኋላም ጉድጓድ ቆፍሮ ዓሣውን ከጸሎት ጋር ይቀብር ነበር። እንጨቱ ብዙውን ጊዜ ከግራር ወገን የሆነው ኮዋ፣ አለዚያም ከኢትዮጵያው ኮርች ጋር የሚዛመደውና ክብደቱ ቀላል የሆነው ዊሊዊሊ ነበር። ግንዱ በድንጋይ መጥረቢያ ተጠርቦ በሻካራ ኮራል እየተፋቀ ከለሰለሰ በኋላ፣ ኩኩይ ከሚባለው ዛፍ ቅርፊት በወጣ ጭማቂ ወይም ፍሬው ሲቃጠል በሚገኝ ጥላሸት ይጠቁርና በዚያው ፍሬ ዘይት ይወለወል ነበር። ስለዚህ ሳንቃው ቀለም አያውቅም ነበር ማለት አይቻልም፤ ያልነበረው ሥዕል ነው። ከባሕር ሲመለስም ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ የኮኮናት ዘይት ተቀብቶ ቤት ውስጥ ይሰቀል ነበር፤ አንዳንዱም ካፓ በተባለው፣ ከዛፍ ልጥ ተቀጥቅጦ በሚሠራ ጨርቅ ይጠቀለል ነበር።

አላያ በተባለው ስስና አጭር ሳንቃ ተራው ሕዝብም ሲጋልብ፣ ኦሎ የተባለው ረጅምና ወፍራም ሳንቃ ግን የመኳንንት ነበር። ከነዚህ መካከል የመስፍኑ የአብነር ፓኪ ሳንቃዎች ዛሬ በሆኖሉሉ በቢሾፕ ሙዚየም ይገኛሉ፤ ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ1889 የተመሠረተው ለልጁ ለበርኒስ ፓዋሂ መታሰቢያ በመሆኑ፣ ሳንቃዎቹ ከቤተሰቡ እጅ ብዙም አልራቁም ሊባል ይችላል።

ማዕበል የመጋለቡ ልማድ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ክፉኛ ተዳከመ። ለዚህ እ.ኤ.አ. በ1820 የገቡትን ሚሲዮናውያን ብቻ ተወቃሽ ማድረግ የተለመደ ቢሆንም፣ ከውጭ የመጡ በሽታዎች ሕዝቡን ማመናመናቸው የባሰው ምክንያት ይመስላል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1885 ሦስት የሐዋይ ልዑላን በካሊፎርኒያ ሳንታ ክሩዝ ከሬድውድ እንጨት በተሠሩ ሳንቃዎች ማዕበል ጋለቡ፤ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ በሐዋይ ዋይኪኪ የልማዱ ትንሣኤ መናኸሪያ ሆነች፣ እ.ኤ.አ. በ1912 በስቶክሆልም ኦሊምፒክ በዋና ወርቅ ያገኘው ሐዋያዊው ዱክ ካሃናሞኩም ጥበቡን ለዓለም አስተዋወቀ። ቶም ብሌክ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የፓኪን ሳንቃዎች ካደሰ በኋላ፣ ክብደታቸውን ለመቀነስ ሲሞክር ውስጡ ክፍት የሆነውን ሳንቃ ፈለሰፈ።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በፋይበርግላስ የተሸፈነ ፎም ገበያውን ሲይዝ እንጨት ከባሕር ወጣ፤ ግድግዳ ላይ የወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። ማዕበል የማይነካው ሳንቃ ለሠዓሊ ምቹ ገጽ ይሆናል፤ ቀለሙ በስሱ ሲቀባ የእንጨቱ መስመሮች ከሥሩ ይታያሉ፣ ቫርኒሽ ሲደረብበትም ኩኩይ ዘይት ይሰጠው የነበረውን ዓይነት ወዝ ያገኛል። በብዛት የሚሣሉት የዘንባባ ጥላ፣ የሂቢስከስ አበባና የምትጠልቅ ፀሐይ ከቱሪስት ፖስት ካርድ የተወሰዱ ስለሚመስሉ ከቅርሱ ይልቅ ለገበያው ይቀርባሉ። ይበልጥ የሚያሳምኑት የካፓን ጌጥ የሚከተሉት ናቸው፤ ሐዋያውያን የቀርከሃ ስንጥቅ ላይ ሦስት ማዕዘንና ትይዩ መስመር ቀርጸው፣ ቀለም ነክረው በጨርቁ ላይ ያትሙ ስለነበር፣ ሠዓሊው ይህን ንድፍ በሳንቃው ላይ ሲያሰፍር ቀድሞ መጠቅለያ የነበረው ጌጥ የራሱ የሳንቃው ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ደግሞ ቶም ዌግነር የተባለው ሠሪ የሙዚየሙን አላያዎች አርአያ አድርጎ ከፓውሎኒያ እንጨት ስስ ሳንቃዎችን በመሥራት፣ ያለ ሥዕልና ያለ ክንፍ ወደ ማዕበሉ መልሷቸዋል።