ዜማው ቀረ፣ እርምጃው ተረሳ

በካልጋሪ ሰሜን ምሥራቅ፣ በ52ኛውና በ68ኛው ጎዳናዎች መካከል የሚገኘው ፓይንሪጅ በ1970ዎቹ የተገነባ የመኖሪያ ሰፈር ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ የከተማው ወገን ኢትዮጵያውያን ሠርግ ሲደግሱ፣ አዲስ አበባ እንደሚደረገው ሁሉ ሙሽሮቹ አዳራሽ ከገቡ በኋላ መሀል ላይ ወጥተው ለጥቂት ደቂቃ ተቃቅፈው በዝግታ ይደንሳሉ። እንግዳው ከቦ ያያቸዋል፣ ፎቶ ያነሳቸዋል፣ ያጨበጭብላቸዋል። ከዚያ ጉራግኛው፣ ኦሮምኛው፣ ትግርኛውና የጎጃሙ እስክስታ ይከተልና ሁሉም ይነሣል። ያቺን አጭር ዳንስ አብዛኛው ሰው ከውጭ ፊልም የተቀዳች የፈረንጅ ልማድ አድርጎ ያልፋታል። እኔ ግን ከዚያ የበለጠ ታሪክ አላት እላለሁ። አዲስ አበባ በአንድ ወቅት ቫልስ፣ ታንጎ፣ ፎክስትሮት፣ ሩምባና ቻቻ የሚደነስባት ከተማ ነበረች፤ ዛሬ በኩራት የምናዳምጠው ዘመናዊ የአማርኛ ሙዚቃም ያደገው ለእነዚህ ዳንሶች በሚጫወቱ ኦርኬስትራዎች ውስጥ ነው። ሙዚቃውን የራሳችን ብለን ይዘን ዳንሱን እንደ ባዕድ መቁጠራችን ታሪኩን ለሁለት መቁረጥ ነው።

ነገሩ የጀመረው በዳንስ ሳይሆን በማርሽ ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩስያው ዛር ዳግማዊ ኒኮላይ ለዐፄ ምኒልክ የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎች ላኩ፤ የቤተ መንግሥቱ የሙዚቃ ጓድም በዚያ ተቋቋመ። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አዲስ አበባ አስመጡ፤ አርባ ልጆች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የመጀመሪያውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ፣ ግጥሙን ዮፍታሔ ንጉሤ ጻፈ። ከ1941 ነፃነት በኋላ ደግሞ ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስና ጦር ሠራዊት እያንዳንዳቸው የሙዚቃ ክፍል አቋቋሙ። ቀን በሰልፍ ላይ ማርሽ የሚነፋው ወታደር ማታ በግብዣና በሆቴል አዳራሽ ለደናሾች ይጫወት ነበር። ይህ መንገድ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በ1890ዎቹ በአሜሪካ የተስፋፋው ቱ ስቴፕ ዳንስ የገነነው ጆን ፊሊፕ ሱዛ በ1889 ባቀረበው «ዋሽንግተን ፖስት» በተባለ ማርሽ ነው። የወታደር ባንድ ባለበት ሁሉ የጥንድ ዳንስ ብዙም አልራቀም። በአዲስ አበባ የአርመን፣ የግሪክና የጣሊያን ማኅበረሰቦችም የየራሳቸው ክበብ ስለነበራቸው፣ ከተማዋ ዳንሱን የምታይባቸው መስኮቶች ከአንድ በላይ ነበሩ።

«የፈረንጅ ዳንስ» የሚለው ስያሜ ራሱ መመርመር አለበት። ቫልስ ከቪየና ቤተ መንግሥት የወጣ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ምንጩ ግን የኦስትሪያና የባቫሪያ ገበሬዎች በጫማቸው ወለል እየደበደቡ የሚዞሩት ሌንድለር የተባለ የገጠር ጭፈራ ነው። ለንደን ላይ በ1816 በቤተ መንግሥት ግብዣ በተደነሰ ጊዜ «ታይምስ» ጋዜጣ ወንድና ሴት እንዲህ መተቃቀፋቸው ነውር ነው ብሎ ወረደበት። ታንጎ ደግሞ የቦነስ አይረስና የሞንቴቪዴዮ ድሆች ልጅ ነው፤ ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ዘሮች ያቆዩት ካንዶምቤ፣ ከኩባ የመጣው ሀባኔራና ከአውሮፓ የፈለሱ ሠራተኞች ዜማ ወደብ ላይ ተገናኝተው ወለዱት። ፓሪስ በታንጎ ባበደችበት በ1913 የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቪልሄልም መኮንኖቻቸው የደንብ ልብስ ለብሰው እንዳይደንሱት ከለከሉ። ሩምባ የኩባ ጥቁሮች የከበሮ ጭፈራ ነው። ቻቻን ኤንሪኬ ሆሪን የተባለ የኩባ ቫዮሊን ተጫዋች በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሀቫና ውስጥ ፈጠረው። ዛሬ በውድድር አዳራሽ የሚታዩት ጃይቭና ሳምባም፣ አንዱ ከሃርለም፣ ሌላው ከብራዚል፣ ከጥቁር ሕዝብ የወጡ ናቸው። የለንደን የዳንስ መምህራን ያደረጉት ከ1920ዎቹ ጀምሮ እያንዳንዱን እርምጃ በመጽሐፍ መደንገግ፣ ወገብን ቀጥ፣ አንገትን ዘንበል ማድረግ ነበር። ድንጋጌው የእነሱ ነው፤ ዳንሱን የፈጠሩት ግን ገበሬዎች፣ ስደተኞችና የባሮች ልጆች ናቸው።

ስለዚህ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ አዲስ አበባ የደረሰው ዳንስ ግማሽ ጎኑ አፍሪካዊ ነበር ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ወደ ኩባና ወደ ብራዚል የተጋዙት ሰዎች የኮንጎ፣ የአንጎላና የምዕራብ አፍሪካ ሕዝቦች እንጂ የሸዋ ወይም የጎንደር ሰዎች አልነበሩም፤ ቻቻ በራስ ሆቴል ሲደነስ «ወደ ቤቱ ተመለሰ» ማለት ስሜት የሚያሞቅ ግን የተጋነነ አባባል ይሆናል። ማለት የምችለው ከዚያ ያነሰ፣ ግን የጸና ነገር ነው፦ የመጣው ዳንስ አንድ የተከበረ ሕዝብ ለሌላው ያወረሰው ንጹሕ ቅርስ ሳይሆን፣ በየደረሰበት አገር የሚቀየጥና የሚለወጥ ነገር ነበር። ኢትዮጵያውያን ሲቀበሉት የቀየጡትም ከእነሱ በፊት ቦነስ አይረስና ሀቫና ያደረጉትን በማድረግ ነው።

ቅየጣው የት እንደተሠራ ማየት ይቻላል። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ኔርሴስ ናልባንዲያን፣ በ1955 ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ በተመረቀው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሲሠራ፣ በአምስት ድምፅ የቆመውን የአገሬውን ቅኝት ለትልቅ ኦርኬስትራ አቀናበረ። የአማርኛው ዘፈን በዚያ መንገድ የዳንስ ኦርኬስትራን ልብስ ለበሰ፤ ሳክስፎኖቹ በአንድነት ይመልሳሉ፣ ትራምፔቱ ያቋርጣል፣ ባሱ እርምጃውን ይዞ ይሄዳል። ጥላሁን ገሠሠ ከሀገር ፍቅር ወደ ክቡር ዘበኛ ሲሻገር ያገኘው ኦርኬስትራ ይህን ጥበብ የሚያውቅ ነበር። ከይፋት የመጣው ጌታቸው መኩሪያ በማዘጋጃ ቤት፣ በቴአትር ቤቱና በፖሊስ ኦርኬስትራ ባገለገለበት ዘመን ሽለላን በሳክስፎን ነፋ። ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 ኒው ዮርክ ላይ ያሳተማቸውን ሁለት አልበሞች «አፍሮ ላቲን ሶል» ብሎ ሲሰይም፣ የሐበሻን ቅኝት ያስቀመጠው በኮንጋ ከበሮና በላቲን ምት ላይ ነው። ጆሮም ቢሆን ለቫልስ ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም፤ የጭፈራችን ዋና ምት ችክችካ በሦስት በሦስት የሚከፈል ነውና፣ ሦስት ቆጥሮ መዞር ለለመደው ሰው አነሳሱ ቢለይበት እንጂ ቁጥሩ አይጠፋበትም። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ነገር ግን ቀስ ያሉትን የ1960ዎቹ የፍቅር ዘፈኖች ደጋግሞ የሰማ ሰው ለተቀመጠ አድማጭ ብቻ እንዳልተሠሩ ይገባዋል። ለሚደንስ ሰው የተሠሩ ናቸው።

ሁለት ከባድ ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው፣ ይህ ሁሉ የመኳንንትና የመኮንኖች ጨዋታ ነበር፣ ገበሬው በርሃብ ላይ ሳለ በጊዮንና በራስ ሆቴል የሚዞሩት ጥቂቶች ነበሩ የሚለው ነው። እውነት አለበት። በ1968 የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች በግቢያቸው የተዘጋጀውን የፋሽን ትርዒት በቁጣ ሲቃወሙ የተናገሩት ስለ ልብስ ቢሆንም፣ ቁጣቸው በከተማው የምዕራባዊ አኗኗር ላይ ሁሉ ያነጣጠረ ነበር። አዳራሹ ጠባብ እንደነበር አልክድም። ነገር ግን ደናሾቹን ብቻ አይቶ ተጫዋቾቹን መርሳት ስሕተት ነው፤ መድረክ ላይ የነበሩት ወታደሮችና የገጠር ልጆች ነበሩ፣ የተጫወቱትም በሬዲዮ አገር አቀፍ ሆነ። ሁለተኛው ተቃውሞ የጨዋነት ነው፦ በባህላችን ወንድና ሴት ፊት ለፊት ቆመው በትከሻ ይነጋገራሉ እንጂ በአደባባይ አይተቃቀፉም። ይህም ለብዙው የደጋው ክፍል ትክክል ነው። ሆኖም ባህላችን አንድ ወጥ አይደለም፤ የሐረርጌው ሸጎዬ ወጣት ወንድና ሴትን እንደ ጥንድ ያቀራርባል። ለንደንም በ1816 ይኸንኑ ነውር ብላ ነበር፤ አንድ ዳንስ ሲመጣ ማስደንገጡ ከሕዝቡ ባህል ውጭ ሆኖ ይቀራል ማለት አይደለም።

ታዲያ ለምን ጠፋ? ጨዋነት ያጠፋው አይመስለኝም፤ ያጠፋው ሰዓት እላፊ ነው። ከ1974 በኋላ ደርግ ያወጀው የሰዓት እላፊ ገደብ በአንድ ወይም በሌላ መልኩ እስከ ሥርዓቱ ፍጻሜ ዘለቀ። የዳንስ ምሽት ከራት በኋላ ተጀምሮ እኩለ ሌሊት ላይ የሚያልቅ ነገር ነው፤ ያ ጊዜ ሲቆረጥ ልማዱ ይቆረጣል። ሂልተንን በመሳሰሉ ሆቴሎች ዋልያስና ሌሎች ባንዶች በር ተዘግቶ እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር፣ ይህም ሙዚቃውን አዳነ። የተራው ሰው የቅዳሜ ምሽት ግን ቀረ። ብዙ ሙዚቀኞችና ብዙ ደናሾች ተሰደዱ፤ የተረፈው ትውልድ ዘፈኑን በካሴት፣ ቤቱ ተቀምጦ ተማረው። በ1969 ዐምሃ እሸቴ የመሠረተው ዐምሃ ሪከርድስ ያሳተማቸው ሸክላዎች፣ ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» ብሎ ባሰባሰባቸው ሲዲዎች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለዓለም ተዳረሱ። ሸክላ ግን ድምፅ ይይዛል እንጂ እግር አይይዝም። ወንዱ ሴቲቱን እንዴት እንደሚጋብዝ፣ እጅ የት እንደሚያርፍ፣ የአማርኛው ዘፈን ሲመጣ ትከሻ ወደ ታንጎው ይግባ አይግባ፣ ይህ ሁሉ የተቀመጠው በደናሾቹ አካል ውስጥ ብቻ ነው። አንድ ቅርስ ግማሹ ሲድን ግማሹ የሚጠፋው እንዲህ ነው፤ የዳነው ግማሽ ስለሚደምቅ የጠፋው አይታወቅም።

ካልጋሪ በዚህ ረገድ የምታስተምረው ነገር አላት። ከተማዋ በ1912 ለመጀመሪያ ጊዜ ባከበረችው፣ አሁን በየዓመቱ ሐምሌ በገባ ሰሞን በሚውለው የስታምፒድ በዓል፣ የዚያን ከማርሽ ጋር የገነነ ዳንስ ስም የያዘው ቱ ስቴፕ በካውቦይ ጫማ ይደነሳል። የከብት አርቢው አገር ከሌላ የመጣውን ዳንስ የራሱ አደረገው፤ ዛሬ ማንም ባዕድ ነው አይለውም፣ አያት ለልጅ ልጇ ታሳየዋለች። በእኛ ዘንድ ግን በ1960ዎቹ አዲስ አበባ የደነሱ ሰዎች አሁን ከ75 ዓመት በላይ ናቸው፤ አንዳንዶቹ በፓይንሪጅና በአካባቢው ልጆቻቸው ቤት ይኖራሉ። ከልጆቻቸው አንዱ እነሱን ዝም ብሎ ወንበር ላይ ከማስቀመጥ ይልቅ፣ በሚቀጥለው ሠርግ የጥላሁንን አንድ ቀስ ያለ ዘፈን አስከፍቶ «እማማ፣ አባባ፣ ያኔ እንዴት ነበር የምትደንሱት?» ብሎ ይጠይቅ፤ ቢነሡ በስልኩ ይቅረጽ፣ ባይነሡ የሚነግሩትን ይጻፍ። ይህን ለማድረግ ገንዘብም ተቋምም አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ቶሎ መጀመር ነው።