አንድ ዛፍ፣ ሁለት መኖ፦ ጦርነት ስለ ፈረስ ሆድ ያስተማረው

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል ተረቱ። እንዲያደርስ ግን መጀመሪያ መብላት አለበት። ይህን ቀላል እውነት የአውሮፓ ጦር አዛዦች ከመቶ ዓመት በፊት በከባድ ዋጋ ተምረውታል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከ1914 እስከ 1918 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ብሪታንያ ወደ ፈረንሳይ ግንባር በመርከብ ካጓጓዘችው ጭነት ሁሉ በክብደት የሚበልጠው ምን ነበር ቢባል፣ ብዙ ሰው ጥይት ነው ብሎ ይገምታል። መልሱ ድርቆሽና አጃ ነው። የፈረስና የበቅሎ መኖው 5.4 ሚሊዮን ቶን ገደማ ሲሆን፣ ጥይቱና የመድፍ አረሩ 5.2 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር። ባቡር ከሚቆምበት ጣቢያ እስከ ምሽጉ ያለውን ጭቃ አቋርጦ መድፍ የሚጎትተው፣ ስንቅ የሚያደርሰው፣ ቁስለኛ የሚመልሰው የጋማ ከብት ነበርና። ይህ ሁሉ መኖ ተጓጉዞም ፈረሶቹ አልጠገቡም። የታሰሩበትን ገመድና የጋሪውን እንጨት የሚያኝኩ ፈረሶች በየሰፈሩ ይታዩ ነበር።

ብሪታንያ ግን ባሕሩ ክፍት ነበረላት፤ ከአሜሪካና ከካናዳ ታስመጣለች። ጀርመን ይህ ዕድል አልነበራትም። ከጦርነቱ በፊት ለእንስሳት የሚሆን ገብስ በብዛት የምትገዛው ከሩሲያ ነበር፤ ሩሲያ ጠላት ሆነች። በባሕር የሚመጣውን ደግሞ የብሪታንያ ባሕር ኃይል ዘጋው። በ1916 እና 1917 መካከል በነበረው ክረምት የጀርመን ሕዝብ ድንች አጥቶ ቀድሞ ለከብት ይሰጥ የነበረውን የሥር ተክል ለመብላት ተገደደ። ሰው የከብቱን መኖ ሲበላ ለከብቱ ምን ይተርፋል?

ያኔ የተጀመረው ፍለጋ ነው የዚህ ታሪክ መነሻ። በድርቆሽና በአጃ ፋንታ ለፈረስ ምን ይሰጠው? የጀርመን ተማሪዎች ወደ ጫካ ተሰማርተው ቅጠል እንዲሸመጥጡ ተደረገ፤ ቅጠሉ ደርቆና ተፈጭቶ የጦር ፈረሶች መኖ ሆነ። ገለባው ተከተፈ። ከዚህም አልፎ ሰጋቱራ ከመኖው ጋር ይደባለቅ ጀመር። ሐሳቡ የፈረሱ ሆድ ከሞላ ረሃቡ ይታገስለታል የሚል ነበር። ሆዱ ሞላ፤ ፈረሱ ግን መክሳቱን ቀጠለ። ብዙ ፈረሶች ሆዳቸው ባዶ ሳይሆን በረሃብ ሞቱ። ጀርመን በመጋቢት 1918 የመጨረሻውን ትልቅ ማጥቃቷን ስትከፍት እግረኛው ጦር ወደፊት ሲገፋ መድፉና ስንቁ ወደ ኋላ ይቀር ነበር። ለዚያ መዳከም ከነበሩት ምክንያቶች አንዱ የፈረሶቹ ማነስና ጉልበት ማጣት ነው።

ለመሆኑ ሰጋቱራ ለምን አልሠራም? ሣርም እንጨትም የተሠሩት በአብዛኛው ከአንድ ነገር፣ ከሴሉሎስ ነው። ፈረስ ሣር በልቶ ይሰባል። ሰጋቱራ በልቶ ለምን ይሞታል?

የፈረስ ሆድ ከላም ሆድ ይለያል። ላም የበላችውን መጀመሪያ በትልቁ ከርሷ ውስጥ ታብላላዋለች፣ መልሳ ታመሰኳለች፣ ከዚያ ወደ ጨጓራና አንጀት ትልካለች። ፈረስ አያመሰኳም። ጨጓራው ከቁመናው አንጻር ትንሽ ነው፤ ከ8 እስከ 15 ሊትር ቢይዝ ነው። የበላው ፈጥኖ በትንሹ አንጀት አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል። እዚያ፣ በአንጀቱ የኋለኛ ክፍል፣ 30 ሊትር ገደማ የሚይዝ ትልቅ ከረጢትና ከዚያ የሚሰፋ ወፍራም አንጀት አለ። በዚህ ቦታ ለቁጥር የሚታክቱ ረቂቅ ተህዋስያን ይኖራሉ። አሰሩን፣ ማለትም በተለምዶ ፋይበር የሚባለውን፣ የሚያብላሉት እነሱ ናቸው። ከማብላላቱ የሚወጡት አሲዶች በአንጀቱ ግድግዳ በኩል ወደ ደም ገብተው ለፈረሱ ጉልበት ይሆኑታል። ጠላ ጠማቂ ጋኗን እንደምትጠብቅ ፈረስም ሆዱ ውስጥ የማያቋርጥ ጥንስስ ይዞ ይዞራል ማለት ይቻላል።

ጥንስሱ ሕግ አለው። አንደኛ፣ ተህዋስያኑ የለመዱትን ይፈልጋሉ፤ መኖው በአንድ ቀን ሲቀየር ከፊሉ ያልቃል፣ ሌላው ከልክ በላይ ይራባል፣ ጋዝና አሲድ ይበዛል። ፈረስ ደግሞ ማስመለስ አይችልም። በሆዱ የተጠራቀመው መውጫ ሲያጣ የሚከተለው ብዙ ፈረስ የሚገድለው የሆድ ቁርጠት ነው። ሁለተኛ፣ ውሃ ያስፈልጋል፤ ደረቅና ሻካራ ነገር ያለ በቂ ውሃ ሲገባ አንጀት ውስጥ እንደ ጭቃ ይደርቅና መንገዱን ይዘጋል። ሦስተኛው ሕግ ሰጋቱራውን ይመለከታል። በእንጨት ውስጥ ሴሉሎሱ ብቻውን አይደለም። ሊግኒን የሚባል ነገር እንደ ሲሚንቶ አጣብቆ ይዞታል። ዛፉን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው እሱ ነው። ተህዋስያኑ ሊግኒንን ሰብረው መግባት አይችሉም። ስለዚህ ሰጋቱራ በአንጀቱ ውስጥ እንደገባ ይወጣል። በመቆለፊያ በተዘጋ ጎተራ አጠገብ በረሃብ እንደመሞት ነው።

ቁልፉን ለማግኘት ከሞከሩት አንዱ ኤርንስት ቤክማን የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ነው። በኬሚስትሪ ተማሪዎች ዘንድ ስሙ በሌላ ግኝት ይታወቃል። ቤክማን ገለባን በቀዝቃዛና በቀጭኑ በተበጠበጠ ኮስቲክ ሶዳ ዘፍዝፎ፣ ከዚያ በብዙ ውሃ በማጠብ የሊግኒኑን እስር ማላላት እንደሚቻል አሳየ። በዚህ መንገድ ከግማሽ በታች ይፈጭ የነበረው ገለባ ወደ 70 በመቶ ገደማ የሚፈጭ ሆነ። ነገር ግን ዘዴው ሥራ ላይ ሊውል ሲደርስ ጦርነቱ አልቆ፣ ፈረሶቹም አልቀው ነበር። በዚያ ጦርነት ያለቁት ፈረሶች እስከ 8 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ይገመታል።

ዕውቀቱ ግን አልጠፋም። 20 ዓመት ያህል ቆይቶ ሌላ አገር ተጠቀመበት።

በሚያዝያ 1940 ናዚ ጀርመን ዴንማርክንና ኖርዌይን ያዘች። ስዊድን በጦርነቱ አልገባችም፤ ሆኖም ወደ ምዕራብ የሚወስደው የባሕር በሯ ተዘጋ። በአንድ ጊዜ ሁለት ችግር መጣባት። ከውጭ ታስገባው የነበረው ፋጉሎና እህል ቀረ፤ በላዩም የ1940 እና የ1941 ምርቷ ደካማ ሆነ። በሌላ በኩል ለብሪታንያ ትሸጠው የነበረው፣ ለወረቀት መሥሪያ የሚሆነው የእንጨት ሊጥ ገዢ አጣ። ፋብሪካዎቹ ሥራ ፈቱ፣ ከብቶቹ ተራቡ። በዚያ ዘመን የስዊድን እርሻም ሆነ የደን ሥራ የሚንቀሳቀሰው በአመዛኙ በፈረስ ነበር። ነዳጅ እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ ደግሞ የፈረስ ዋጋ የበለጠ ከፍ ይላል።

ስዊድናውያን ሁለቱን ችግሮች አገናኙዋቸው። የወረቀት ፋብሪካ ሥራው እንጨትን በኬሚካል ለሰዓታት ቀቅሎ ሊግኒኑን ማውጣትና ሴሉሎሱን ማስቀረት ነው። ያ የጀርመን ፈረሶች ያጡት ቁልፍ ማለት ነው። ፋብሪካዎቹ ሊጡን ለወረቀት ሳይሆን ለመኖ ማምረት ጀመሩ። ፊንላንድና ኖርዌይም ይህንኑ አደረጉ። ፈረሶችና ላሞች የወረቀት ጥሬ ዕቃ በሉ፤ ተህዋስያኑም በላቸው። ፈረሶቹ ግንድ መጎተታቸውን ቀጠሉ። ዛፉ ያው የሰሜን አውሮፓ ጥድ ነው። በ1917 ሰጋቱራ ሆኖ ፈረስ ገደለ፤ በ1941 ሊግኒኑ ወጥቶለት ፈረስ መገበ።

ይህም ቢሆን ያለ ጥንቃቄ አልሆነም። የተጣራ ሴሉሎስ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ፕሮቲን የለውም፣ ማዕድን የለውም፣ ቫይታሚን የለውም። እሱን ብቻ የሚበላ ፈረስ ሥጋውን እያቃጠለ ይሠራል። ስለዚህ ከድርቆሽና ፕሮቲን ካለው መኖ ጋር መቀላቀል ነበረበት። የፋብሪካው ቆሻሻ ውሃ እንኳ አልተጣለም፤ ለመኖ የሚሆን እርሾ ይራባበት ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ሊጡ ወደ ወረቀት ተመለሰ፤ ገለባን በሶዳ የማከም ዘዴ ግን ኖርዌይ ውስጥ ለዓመታት በሥራ ላይ ቆየ።

ከነዚህ ሁለት ታሪኮች ጎን የሚቀመጥ ሦስተኛ አለ፤ እሱ ጦርነት አላስፈለገውም። ፉርሽካ ነው። ስንዴ ሲፈጭ የሚወጣው ፉርሽካ በአውሮፓ ወፍጮ ቤቶች ርካሽና ሞልቶ የተረፈ ነበር። አሰርም አለው፣ ፕሮቲንም አለው፣ ፈረስም ይወደዋል። የብሪታንያ ፈረስ ጠባቂዎች በሳምንት አንድ ቀን በሙቅ ውሃ የታሸ ፉርሽካ መስጠትን እንደ ደንብ ያዙት፤ ሆድ ያለሰልሳል ተብሎ ይታመን ነበር። ዛሬ የእንስሳት ሐኪሞች የሚሉት ሌላ ነው። በሳምንት አንዴ ድንገት የሚመጣ መኖ ጥንስሱን ያናጋል እንጂ አያለሰልስም።

ከዚያ የከፋው በየቀኑ ፉርሽካ የሚበሉት የወፍጮ ቤት ፈረሶች ላይ የደረሰው ነው። እነዚህ ፈረሶች ወፍራም መስለው ያነክሱ ጀመር። ቆይቶ የፊታቸው አጥንት ግራና ቀኝ ያብጣል፣ ጥርሳቸው ይላላል። በሽታው በእንግሊዝኛ «የወፍጮ ቤት በሽታ»፣ «ትልቅ ራስ» የሚሉ ስሞች ወጡለት። ምክንያቱ በኋላ ተገኘ። በፉርሽካ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከካልሲየሙ 10 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። የፈረስ ሰውነት በደሙ ውስጥ ያለውን ሚዛን ለመጠበቅ ሲል ካልሲየሙን ከገዛ አጥንቱ ይበደራል። አጥንቱ ሲሳሳ ቦታውን ለስላሳ ሥጋ መሰል ነገር ይሞላዋል፤ ያ ነው እብጠቱ። ሰጋቱራ የበላ ፈረስ ከስቶ ስለሚሞት ችግሩ ይታያል። ፉርሽካ ብቻ የሚበላ ፈረስ ግን ጠግቦ ነው የሚጎዳው፤ ባለቤቱም በደንብ የቀለበው ይመስለዋል።

እዚህ ላይ ታሪኩ ከአውሮፓ ወጥቶ ወደ ኢትዮጵያ ከተሞች ይገባል። ኢትዮጵያ 2 ሚሊዮን ገደማ ፈረስ አላት፤ በአህያ ብዛት ደግሞ ከዓለም ቀዳሚ ናት። በየከተማው ሰውና ዕቃ የሚያመላልሰው የጋሪ ፈረስ የጦር ፈረስ አይደለም፤ የገጠመው ጥያቄ ግን የጀርመኑን ይመስላል። ከተማው ሲሰፋ የግጦሽ መሬቱ ቤት ይሆናል። ጭድ እንኳ ለከብት ማድለቢያ፣ ለወተት ላም፣ ለጭቃ ቤት ምርጊት ይፈለጋል፤ ለፈረስ የሚደርሰው በውድ ዋጋ ነው። የቸገረው ባለጋሪ ያገኘውን ይሰጣል፤ ከዱቄት ፋብሪካ የሚወጣው ፉርሽካም በእጅ የሚገኝ ነው። ቀኑን ሙሉ ጋሪ ስቦ፣ ውሃ ሳይጠጣ ውሎ፣ ማታ ደረቅ ጭድና አንድ ጣሳ ፉርሽካ የሚቀርብለት ፈረስ ከላይ የተዘረዘሩትን ሦስቱንም አደጋዎች በአንድ ምሽት ይጋፈጣል።

ባለጋሪውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ጥቅም ግን የለውም። የጀርመን አዛዦች የጦር መንግሥት ሀብትና ኬሚስቶች በእጃቸው እያሉ የተሳሳቱትን ሒሳብ የዕለት ጉርሱን የሚያሳድድ ሰው ብቻውን እንዲያስተካክል መጠበቅ ፍትሕ አይደለም። ፈረሱ ሲወድቅ የሚወድቀው ቤተሰቡ ነው። የልጆቹ ምሳ፣ የቤቱ ኪራይ፣ ሌላ ፈረስ የሚገዛበት ገንዘብ ሁሉ በአንድ የአንጀት መዘጋት ይሄዳሉ።

የሚደረገው ነገር ግን የወረቀት ፋብሪካ አይጠይቅም። ጭድ ለፈረስ መጥፎ አይደለም፤ ከሣር ወይም ከድርቆሽ ጋር ሲደባለቅና ውሃ አብሮት ሲኖር ያኖራል። ጭድ ብቻውን ሲሆን ግን የጨጓራ ቁስል እንደሚያበዛ ዴንማርክ ውስጥ ተካሂዶ በ2009 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ፉርሽካም የመኖው ጥቂት ክፍል ሆኖ፣ ካልሲየም ካለው እንደ አልፋልፋ ካለ መኖ ጋር ቢሰጥ አጥንት አይበላም። አዲስ መኖ በአንድ ቀን ሳይሆን በ10 ቀን ወይም በ2 ሳምንት እየተጨመረ ይገባል። ሥራ ላይ እያለም ፈረሱ በየመሐሉ ውሃ ይጠጣል። ይህን ለባለጋሪ ማኅበራት ማስተማር ለአንድ የወረዳ እንስሳት ጤና ባለሙያ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ከባዱ ሌላው ነው። ከተማ ሲታቀድ ለጋሪ መቆሚያ ይታሰባል፣ ጋሪ የማይገባበት አስፋልት ይታሰባል፣ የጋሪ ሰሌዳና ግብር ይታሰባል። ፈረሱ የሚበላው የት ይበቅላል የሚለው ጥያቄ ግን በየትኛው ቢሮ ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ማንም አያውቅም። ስዊድን ፈረሶቿን ያተረፈችው ይህን ጥያቄ የመንግሥትና የፋብሪካ ጥያቄ ስላደረገችው ነው። ጀርመን ከሃያ ዓመት በፊት ጥያቄውን ለከረጢቱ ተወችው፤ ከረጢቱም በሰጋቱራ ተሞላ።