ሥጋም ስምም የሌለው አደን

በሀገራችን ታሪክ አዳኝ የሚወደሰው በዝሆን፣ በአንበሳና በጎሽ ግዳይ ነበር። ከርከሮና የዱር አሳማ የገደለ ገበሬ ግን ሹመትም ሽልማትም አልጠበቀም። ሥጋውንም ቢሆን የወሎ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም አይበላውም። ታዲያ ከደሴ ቁልቁል እስከ ኮምቦልቻ፣ በቦርከና ዳርና ዳር የሚያርሰው ገበሬ ጦሩን ይዞ፣ ውሻውን አስከትሎ ስለ ምን ወጣ? ስለ ማሽላው ነው።

ወፍና ዝንጀሮ በቀን ስለሚመጡ ከማማ ላይ በወንጭፍ ይመለሳሉ። የዱር አሳማ ግን ጨለማን ተገን አድርጎ በመንጋ ይመጣል፤ ከሚበላው ሌላ ይረግጣል፣ ይቆፍራል። አንድ ሰው ብቻውን አይችለውምና አደኑ እንደ ደቦ የጎረቤት ሥራ ሆነ። የባልንጀራውን ማሳ ያልጠበቀ፣ ለራሱ ማሳ ደራሽ አያገኝም።

እ.ኤ.አ. በ1944 የአራዊት ጥበቃ አዋጅ ወጣ፤ ኋላም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ከለከለ። ብርቅዬ አራዊት ለሞሉባት ሀገር ይህ ተገቢ ነው። ይሁንና አሳማን የሚያድነው ነብር በተመናመነበት ደን፣ የአሳማው ኪሳራ በማን ላይ ይወድቃል? ከኮምቦልቻ በላይ ያለው የየጎፍ ደን የሁላችን ሀብት ነው። በግርጌው ያለ እንቅልፍ የሚያድረው ግን ገበሬው ብቻ ሊሆን አይገባም።