ከጡረታ ዕድሜ በኋላ የተሠራ ሥራ

ከመካከላችን ብዙዎቻችን 60 ዓመት ሞላን፣ ጡረታ ወጣን ብለን ደጃፍ ላይ ፀሐይ ስንሞቅ እንውላለን። እኔም የቢሮ ጸሐፊ ነበርኩና ይህን መቀመጥ አውቀዋለሁ። ጉልበት የሚከዳው፣ እንቅልፍም እምቢ የሚለው የሚፈልገን ሰው የጠፋ ሲመስለን ነው። ስለዚህ በዚሁ በከተማችን የኖሩትን የዶክተር ካትሪን ሐምሊንን ታሪክ ባጭሩ ልጻፍ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ሐምሊን በ1924 በአውስትራሊያ፣ ሲድኒ ተወለዱ። በ1959 ከባለቤታቸው ከዶክተር ሬጅናልድ ጋር አዲስ አበባ የመጡት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር፤ ውሉም ለሦስት ዓመት ብቻ። ታዲያ ምጥ ጠንቶባቸው ልጃቸውን ያጡ፣ ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸው ሴቶች አላስኬዷቸውም። ሕመሙ ፊስቱላ ይባላል። በ1974 ለእነዚሁ ሴቶች ብቻ የሚሆን ሆስፒታል ከፈቱ።

አሁን ልብ በሉልኝ። ባለቤታቸው በ1993 ሲሞቱ እሳቸው 69 ዓመታቸው ነበር። በቃኝ ቢሉ ማን ይወቅሳቸዋል? በ2005 የባሕር ዳሩ ቅርንጫፍ ሲከፈት 81 ሆኗቸዋል፤ ከዚያ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱ ተከተሉ። በ2007 ደግሞ የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። ያ መጀመሪያ የመጡበት ጉዳይ መሆኑ ነው፣ ከ48 ዓመት በኋላ!

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የታካሚዎቹ ነገር ነው። ከዳኑት መካከል እዚያው ረዳት ሆነው ቀርተው አዲስ የሚመጡትን የሚያስታምሙ አሉ። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ በልጅነታቸው ታካሚ ሆነው መጥተው፣ ያለ መደበኛ ትምህርት ቀዶ ሕክምና እስከ መሥራት ደረሱ። ፈጽሞ መዳን ላልቻሉት ደግሞ ደስታ መንደር ተሠራላቸው፤ ሥራም ተማሩበት። መድኃኒቱ ቢላዋና መርፌ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ሐኪሞቹ ለዚህ ሁሉ ምን አደከማቸው?

በኛም እድር ቢሆን ወገቤን ሲል የከረመ አዛውንት ድንኳን ሲተከል “እስቲ ገመዱን ወዲህ በሉ” ብሎ ሲነሣ አይተናል።

እርግጥ ዕድሜ የእግዜር ነው። ሥራው ይሁን ለሐምሊን ጤና የሰጣቸው፣ ወይስ ጤና ስላላቸው ነው የሠሩት፣ ሐኪም አይደለሁምና አልፈርድም። ብቻ ከ80 ዓመት በኋላም በሽተኞቻቸውን አልተለዩም። በ2020 በ96 ዓመታቸው ያረፉት እዚያው በሆስፒታሉ ግቢ ባለው ቤታቸው ነው፤ የተቀበሩትም እዚሁ አዲስ አበባ።