ጄምስታውን ሲታሰብ የማን ስም ይጠራል?

ዛሬ የማጫውታችሁ ታሪክ የሩቅ አገር ነው። ግን ውስጡ የቤት ሠራተኛ አለችበት፣ ኮንትራት አለበት፣ ባሕር ተሻግሮ የሄደ ሰው አለበት። ስለዚህ ባዳ አይሆንባችሁም። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አሜሪካ ውስጥ ቨርጂኒያ በሚባለው ግዛት፣ በወንዝ ዳር፣ ጄምስታውን የምትባል ቦታ አለች። እንግሊዞች አሜሪካ ሄደው ከመሠረቷቸው ሰፈሮች ውስጥ ሳይጠፋ የቀጠለው የመጀመሪያው ይሄ ነው። ስሟም በጊዜው ከነበረው ከእንግሊዙ ንጉሥ ከጄምስ የመጣ ነው። የተመሠረተችበት ቀን በየ50 ዓመቱ በትልቅ ዝግጅት ይታሰባል።

አመሠራረቷ እንዲህ ነው። በ1606 ለንደን ያሉ ባለሀብቶች የቨርጂኒያ ኩባንያ የሚባል ድርጅት አቁመው ከንጉሡ ፈቃድ አገኙ። የፈለጉት ወርቅና ትርፍ ነበር። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ሦስት መርከቦች ከለንደን ተነሡ፤ ሱዛን ኮንስታንት፣ ጎድስፒድና ዲስከቨሪ ይባላሉ። በሜይ 1607 አጋማሽ 104 ሰዎች ወንዙ ዳር ወርደው አጥር ማጠር ጀመሩ። ሁሉም ወንዶች ናቸው፤ ትንንሽ ልጆችም ነበሩባቸው።

መሬቱ ግን ባዶ አልነበረም። ፓስፓሄግ የሚባሉ ሰዎች ያድኑበት ነበር። እነሱም ፓውሃታን በሚባል ታላቅ አለቃ ሥር ከነበሩት ወደ 30 ከሚጠጉ ነገዶች አንዱ ናቸው። የመጡት ሰዎች ውኃው ጨዋማ ሆነባቸው፣ በሽታ ገባባቸው፣ ምግብ አለቀባቸው። በጃንዋሪ 1608 በሕይወት የተረፉት 38 ብቻ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ከአገሩ ሰዎች ያገኙት በቆሎ ባይኖር ኖሮ እነዚያም አይተርፉም ነበር። ውለታው ግን አልተከፈለም። በ1610 እንግሊዞች የፓስፓሄግን መንደር አቃጠሉ፣ የአለቃቸውን ሚስትና ልጆቿንም ገደሉ።

አሁን ወደ እኛ ሰው ልምጣ። በ1608 መጨረሻ አካባቢ በመጣው መርከብ ላይ ሁለት ሴቶች ነበሩ። ጄምስታውን የገቡት የመጀመሪያዎቹ እንግሊዛውያን ሴቶች እነሱ ናቸው። አንዷ ማዳም ናት፣ ሁለተኛዋ የቤት ሠራተኛዋ። የሚገርመው፣ በተሳፋሪዎቹ ዝርዝር ላይ ማዳሟ «ወይዘሮ ፎረስት» ተብላ በባሏ ስም ብቻ ነው የተጻፈችው። የሠራተኛዋ ግን የራሷ ስም አለ፤ አን ባራስ ይላል። ዕድሜዋ 14 ዓመት ገደማ ነበር። እኛም አገር በዚያ ዕድሜዋ ዓመት ተጨምሮላት ፓስፖርት የወጣላትን ልጅ የምናውቅ እናውቃለን።

አን ብዙም ሳትቆይ ጆን ሌይደን የሚባል፣ ከመጀመሪያዎቹ ጋር የመጣ ሠራተኛ አገባች። ቨርጂኒያ ውስጥ የተደረገው የመጀመሪያው የእንግሊዞች ሰርግ የእሷ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ አገረ ገዢዎቹ ሰዉን በጦር ሕግ ይገዙት ጀመር። አንና ሌላ ሴት ሸሚዝ እንዲሰፉ ታዘዙ። የሰፉት ሸሚዝ አጠረ ተብሎ ሁለቱም ተገረፉ። አን ነፍሰ ጡር ነበረች፣ በዚያው ሌሊት ፅንሱ ወረደባት። ይህ በጊዜው የተጻፈ ነገር ነው። ልብስ አቃጠልሽ፣ ሸሚዝ አበላሸሽ ተብላ የተመታች እህት ይህን ስታነብ ምን እንደሚሰማት እኔ አልነግራትም።

አን ግን አልሞተችም። በ1625 የሰው ቆጠራ ሲደረግ ከባሏና ከአራት ሴቶች ልጆቿ ጋር ተቆጥራለች። የመጀመሪያዋን ልጅ ቨርጂኒያ ብለዋታል።

ሁሉም እንደ አን አልቀናቸውም። ከ1609 እስከ 1610 ያለው ክረምት የረሃብ ዘመን ይባላል። አጥሩ ውስጥ ከነበሩት ወደ 300 ከሚጠጉ ሰዎች የተረፉት 60 ገደማ ናቸው። በ2012 ቁፋሮ የሚያደርጉ ተመራማሪዎች በአንድ ምድር ቤት ቆሻሻ ውስጥ የ14 ዓመት ገደማ እንግሊዛዊት ልጅ አጥንት አገኙ። አጥንቱ ላይ ያለው የቢላዋ ምልክት፣ ከሞተች በኋላ በረሃብ ያበዱ ሰዎች ሥጋዋን እንደበሉ ያሳያል። ማን እንደሆነች አልታወቀም። የቤት ሠራተኛ ልትሆን እንደምትችል ግን ተገምቷል። ተመራማሪዎቹ ጄን አሏት። የራሷ ስም ጠፍቷል።

ጄምስታውንን ያቆማት ትምባሆ ነው። ትምባሆ ደግሞ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። እንግሊዝ አገር ሥራ ያጡ ወጣቶች ደግሞ ሞልተው ነበር፤ ለመርከብ የሚከፍሉት ገንዘብ ግን የላቸውም። ስለዚህ ኮንትራት ይፈርማሉ። ጌታው የመርከቡን ይከፍላል፣ እነሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ዓመት ያለ ደመወዝ ይሠራሉ። ምግብ፣ ልብስና መኝታ የጌታው ነው። ኮንትራቱን ጌታው ለሌላ ጌታ ሊሸጠው ይችላል። ሠራተኛው ያለ ጌታው ፈቃድ አያገባም። ከጠፋ ተይዞ ዓመት ይጨመርበታል። ሠራተኛዋ ካረገዘችም ዓመት ይጨመርባታል፣ ያስረገዛት ራሱ ጌታው ቢሆንም። ብዙዎቹ ኮንትራታቸውን ሳይጨርሱ ሞተዋል።

በኦገስት 1619 መጨረሻ ዋይት ላየን የምትባል መርከብ ከጄምስታውን ራቅ ብሎ ፖይንት ኮምፎርት በሚባል ቦታ ደረሰች። ከ20 የሚበልጡ አፍሪካውያን ይዛ ነበር። ከአንጎላ ተይዘው በፖርቱጋሎች መርከብ ሲወሰዱ ባሕር ላይ የተዘረፉ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ኮንትራት አልፈረሙም። በምግብ ነው የተለወጡት። ከትንሽ ቀን በኋላ ሌላ መርከብ ተከተለች። በእሷ የመጣች አንዲት ሴት በ1625ቱ ቆጠራ ላይ በጄምስታውን ፒርስ በሚባል ሻምበል ቤት ተመዝግባለች። አንጄላ ትባላለች። ዕድሜ የለ፣ የአባት ስም የለ። አንጄላ የፖርቱጋሎች ስም ነው። ሌላ የአገሯ ስም ከነበራት ማንም አልጻፈውም። በመጣንበት ስም መጠራት ቀርቶ ማዳም በመረጠችልን ስም አቤት የምንል ብዙዎች ስለሆንን፣ አንጄላን አልረሳትም።

መጀመሪያ ላይ አፍሪካውያኑም ኮንትራት ያላቸው እንግሊዞችም ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር፣ አብረውም ይጠፉ ነበር። በ1640 ሦስት ሠራተኞች ወደ ሜሪላንድ ጠፍተው ተያዙ። አንዱ ከሆላንድ፣ አንዱ ከስኮትላንድ፣ ሦስተኛው ጆን ፓንች የሚባል ጥቁር ሰው ነው። ሦስቱም ተገረፉ። ፍርድ ቤቱ በሁለቱ ላይ አራት አራት ዓመት ጨመረባቸው። ጆን ፓንች ግን ዕድሜ ልኩን እንዲያገለግል ተፈረደበት። ጥፋታቸው አንድ ነው፣ ፍርዱ ግን እንደ ቆዳቸው ሆነ። በ1662 ደግሞ ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተላል የሚል ሕግ ወጣ። እናቱ ባሪያ ከሆነች ልጁም ባሪያ ነው ማለት ነው። ባርነት በአንድ ቀን አልተተከለም። አንድ ፍርድ፣ ከዚያ አንድ ሕግ፣ እያለ ነው የመጣው።

ታዲያ የመታሰቢያው ቀን ሲደርስ ይሄ ሁሉ ይነገር ነበር? ብዙም አይነገርም ነበር። በ1907፣ 300ኛው ዓመት ሲከበር፣ ትልቅ ኤግዚቢሽን ተዘጋጅቶ ነበር፣ ለጥቁሮች ግን ለብቻቸው አንድ ሕንፃ ተሰጣቸው። በ1957 የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ መጥተው ነበር። በዚያን ጊዜ ቨርጂኒያ ውስጥ የጥቁርና የነጭ ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት አይማሩም። በ2007፣ 400ኛው ዓመት ላይ፣ ነገሩ ትንሽ ተለወጠ። የአገሩ ቀደምት ሰዎችና ጥቁሮች «እኛ የምናከብረው በዓል የለንም» ስላሉ፣ አዘጋጆቹ በዓል የሚለውን ትተው መታሰቢያ አሉት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? በዓልና መታሰቢያ እንደሚለያዩ እኛ ማንም አያስተምረንም፤ ለሰርግ ይጨፈራል፣ ለሞተ ሰው መታሰቢያ ይደረጋል።

በኦገስት 2019 ደግሞ አፍሪካውያኑ የደረሱበት 400ኛ ዓመት ሲታሰብ፣ እዚያው ፖይንት ኮምፎርት ላይ ለ4 ደቂቃ ደወል ተደወለ፤ ለእያንዳንዱ መቶ ዓመት አንድ ደቂቃ። ከፓውሃታን ነገዶች መካከል ፓመንኪ የሚባሉት በፌዴራል መንግሥቱ ዕውቅና ያገኙት በ2015 ነው። አስቡት፣ ባለአገሮቹ «አላችሁ» እስኪባሉ ድረስ 400 ዓመት አለፈ።

እህቶቼ፣ የእኛ ኑሮና የእነሱ ኑሮ አንድ ነው አልልም። እኛ ደመወዝ አለን፣ ስልክ አለን፣ ለልጆቻችን የሚተላለፍ ባርነት የለብንም። ግን ከፋላ ባለበት አገር የምንሠራ ሰዎች አንዳንዱ ነገር ሲነበብ ያስደነግጠናል። ከአንድ አሠሪ ጋር መታሰር፣ ቤት መቀየር አለመቻል፣ ጠፋች ተብሎ መከሰስ፣ ያልፈረምነው ዓመት ሲጨመርብን ዝም ማለት። እነዚህ ነገሮች በትንሹ ሲጀመሩ ዝም ከተባሉ የት እንደሚደርሱ ጄምስታውን ያሳያል። ስለዚህ ኮንትራትሽን በስልክሽ ፎቶ አንሺው፣ አገር ቤት ላለ ለምታምኚው ሰውም ላኪው። የገባሽበትን ቀንና የሚያልቅበትን ቀን ጽፈሽ ያዢ።

ለማኅበራችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። የተመሠረትንበት ቀን ሲደርስ ዳቦ እንቆርሳለን፣ ቡና እናፈላለን፣ ጥሩ ነው። በዚያ ቀን አንድ ትልቅ ደብተር ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። እያንዳንዷ እናቷ ባወጣችላት ስም፣ ከነአባቷ ስም፣ ከየት እንደመጣችና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደገባች ትጻፍ። መጻፍ የማትችል እህት ካለች እኔ እጽፍላታለሁ። በሬሳ ሳጥን የተመለሱትንም የምታውቋቸው ስማቸውን አስመዝግቡልን።