ቴዎድሮስን የተጫወቱት

ጎንደር ፒያሳ ላይ የዐፄ ቴዎድሮስ ሐውልት ቆሟል። የአውሮፕላን ማረፊያውም በስሙ ይጠራል። እንግዳ ሰው ይህን አይቶ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቢወጣና ከአርባ አራቱ የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ የት ሄዱ ብሎ ቢጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፤ ደርቡሽ አቃጠላቸው፣ ሥላሴን ግን ንብ አተረፋት። የደርቡሹ ነገር እውነት ነው፤ በ1880 ዓ.ም. ገብቶ አቃጥሏል። ነገር ግን ከዚያ ሃያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1859 ዓ.ም.፣ ከተማይቱን የዘረፈና ያቃጠለ ሌላ ሠራዊት ነበር። አዛዡም ዛሬ ፒያሳ ላይ የቆመው ነው። የኋለኛው እሳት የፊተኛውን ሸፈነው።

ይህን የማነሣው ሙት ወቃሽ ለመሆን አይደለም። ነገሬ ስለ ተውኔት ነው። አንድ ሰው ስንት ጊዜ፣ በስንት ሰው፣ በስንት መልክ እንደ ተጫወተና በየጊዜው ምን እየተጨመረለት፣ ምን እየተነሣለት እንደ መጣ ለማየት ነው።

በውጭው ዓለም ሲኒማ አንዱን ጀግና እየተፈራረቁ የተጫወቱትን ተዋንያን ማወዳደር የተመልካቹ ሁሉ ጨዋታ ነው። ባትማን የተባለውን ባለጭምብል እ.ኤ.አ. በ1966 አዳም ዌስት ሲጫወተው የሚያስቅ ነበር። በ1989 ማይክል ኪተን ዝምተኛ አደረገው፤ በ2005 ክርስቲያን ቤል ቁስሉ ያልሻረ ሰው አድርጎ አመጣው። ጭምብሉ ያው ነው፤ ከጭምብሉ ሥር ያለው ግን በየዘመኑ ይለወጣል። እኛ ጋ ጭምብል የለም፤ ሹሩባ አለ። ሹሩባ ተሠርቶ፣ ኩታ አጣፍቶ፣ ጦር ጨብጦ ብቅ ያለ ተዋናይ ገና አፉን ሳይከፍት አዳራሹ ማን እንደ ሆነ ያውቀዋል። ይህም ይገርማል፤ ምክንያቱም ቴዎድሮስ በሕይወት ሳለ የተነሣው የታወቀ ፎቶግራፍ የለም። ያለን አውሮፓውያን የሣሏቸው፣ እርስ በርሳቸውም የማይመሳሰሉ ሥዕሎች ናቸው። ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆምስ በእርሳስ የነደፈው ደግሞ የሬሳውን ፊት ነው።

እንግዲህ ቴዎድሮስን መጀመሪያ የተጫወተው ማነው? እኔን ብትጠይቁኝ ራሱ ካሣ ኃይሉ ነው እላለሁ።

ክፍሉ ከሰውየው በፊት ተጽፎ የቆየ ነበርና። ፍካሬ ኢየሱስ ከረጅም መከራ በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣና በዘመኑ ሰላምና ጥጋብ እንደሚሆን ይተርካል። በዘመነ መሳፍንት የተንገላታው ገበሬ ይህን ስም ሲጠብቅ ነው የኖረው። በ1811 ዓ.ም. ገደማ ቋራ የተወለደው ካሣ፣ ጠላቶቹ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ የሚሰድቡት ሽፍታ፣ በ1845 ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት ሰኔ አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ድል ነሣ። በየካቲት 1847 ደግሞ በሰሜን ምድር፣ ጃናሞራ ውስጥ፣ ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ማረከና በጥቂት ቀናት ውስጥ እዚያው ደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ነገሠ። ቤተ ክርስቲያኒቱን ያሠሯት ውቤ ናቸው፤ በሥራውም ሺምፐር የሚባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ ረድቷቸዋል። ውቤ ያሠሯት ሊነግሡባት ነበር ይባላል። ሌላው ባዘጋጀው መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ሕዝቡ ሲጠብቀው የኖረውን ስም ለራሱ አደረገ። ካሣ ተብሎ ቢነግሥ ኖሮ ያው ጉልበተኛ መስፍን በሆነ ነበር። ቴዎድሮስ ሲባል ግን ትንቢቱን መፈጸም ግዴታው ሆነ፤ ኋላ ያሰከረውም ያስጨከነውም በከፊል ይህ ይመስለኛል።

ከእርሱ ቀጥሎ የመጡት የታሪክ ጸሐፊዎቹ ናቸው። በግዕዝ ሲጻፍ የኖረው የነገሥታት ዜና መዋዕል በአማርኛ መጻፍ የጀመረው በዚህ ንጉሥ ዘመን መሆኑ ራሱ ብዙ ይናገራል። ደብተራ ዘነብ ንጉሡን ወደውት ጻፉ፤ ትረካቸው ግን የመጨረሻዎቹን ክፉ ዓመታት ሳይደርስ ያቆማል። ጀርመናዊው ሊትማን እ.ኤ.አ. በ1902 አሳተመው። አለቃ ወልደ ማርያም ደግሞ የአቡነ ሰላማ ወገን ነበሩና እስከ መቅደላ ድረስ ሄደው ጭካኔውን አንድ በአንድ ዘረዘሩት። ሁለቱን አከታትሎ ያነበበ ሰው ስለ ሁለት ንጉሥ ያነበበ ይመስለዋል። አንደኛው ሽፍታውንና ዘውድ የደፋውን ይዞልናል፤ ሁለተኛው እሳቱን።

በደምቢያና በሰሜን ደጋ ያለው አዝማሪና ፎካሪ ሁለቱንም አላነበበም፤ ማንበብም አላስፈለገው። መይሳው ብሎ፣ አባ ታጠቅ ብሎ፣ ማሲንቆውን እየገዘገዘ በየሠርጉና በየድግሱ ተጫወተው። ሸላይ ሲሸልል ስለ ቴዎድሮስ አያወራም፤ ለዚያች ጊዜ ቴዎድሮስን ይሆናል። ጎራዴውን ሲመዝ፣ ዐይኑን ሲያፈጥ፣ መሬቱን ሲረግጥ ያየ ሰው ከከተማው ቴአትር ቤት በፊት ትወናው የት እንደ ነበረ ያውቃል።

በዘመናዊው መድረክ ቴዎድሮስን ቀድመው ካመጡት አንዱ ደጃዝማች ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ናቸው፤ በ1940ዎቹ መጀመሪያ። የሰሎሞን ዘር ነኝ የሚል ዘውድ በነገሠበት ዘመን ዙፋንን በክንዱ የያዘውን ሰው ዋና ገጸ ባሕርይ አድርጎ ማቅረብ ቀላል ነገር አልነበረም። ከዚያ የጎንደሩ ተወላጅ ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 «የቴዎድሮስ እንባ»ን፣ አቤ ጉበኛ በ1961 «አንድ ለናቱ»ን በልቦለድ ጻፉ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ በመጀመሪያ በእንግሊዝኛ አዘጋጀው፤ እ.ኤ.አ. በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ታየ። ከአብዮቱ በኋላ በአማርኛ መድረክ ላይ ወጣ። ደርግም ሰውየውን ወደደው፤ አገር አንድ ያደረገ፣ መድፍ ያሠራ ንጉሥ ለወታደር መንግሥት እንዴት ይጠላል! ከ2000 ዓ.ም. ወዲህም ጌትነት እንየው «የቴዎድሮስ ራዕይ»ን ሙዚቃ ጨምሮበት አቀረበ።

ከተዋንያኑ ሁሉ የሕዝብ ጆሮ ውስጥ የቀረው በ2010 ዓ.ም. ያረፈው ፈቃዱ ተክለ ማርያም ነው። ያ ጎርናና ድምፅ! ቴዎድሮስ በእርግጥ እንደዚያ ይናገር እንደ ነበር ማን ያውቃል፤ ግን ዛሬ ብዙ ሰው ቴዎድሮስን በሐሳቡ ሲያናግር የሚሰማው የፈቃዱን ድምፅ ነው። ለተዋናይ ከዚህ የበለጠ ዋጋ የለም። ለተከታዮቹ ግን ዕዳ ነው። በየትምህርት ቤቱና በየክበቡ ይህን ክፍል የሚይዙ ወጣቶች መጮኽን ከፈቃዱ የወረሱ ይመስላቸዋል፤ ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ያገሳሉ። ፈቃዱን ፈቃዱ ያደረገው ከጩኸቱ በፊት ያለው ዝግታ መሆኑን የሚያስተውለው ጥቂቱ ነው።

ድምፁ ቢለያይም ብዙዎቹ የሚያመሩት ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ወደ መቅደላ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የፋሲካ ማግስት፣ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከለት ሽጉጥ። መድረክ ይህን ትዕይንት መውደዱ አይፈረድበትም፤ ከዚህ የበለጠ ፍጻሜ ማን ይጽፋል? ግን ሽጉጡ ከመተኮሱ ከአራት ቀን በፊት እስላምጌ ላይ ከገደል የተወረወሩትን እስረኞች ብዙ ተመልካች አያውቃቸውም። ጎንደርንማ ጨርሶ።

ጎንደር በመድረክ ብትወጣ ምን ይታይ ነበር? ለአንድ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃዋል፣ የቀረው መሬት ለገባር ይሁን ያለ ንጉሥና ካህናት የሞሉባት ከተማ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ንጉሡ መናገሻውን ወደ ደብረ ታቦር ወስዶባታል፤ እርሷም ለአማፂዎቹ አድልታለች። ንጉሡ ያሰበው ለአገር ይጠቅማል፤ ካህናቱም የያዙት የአባት ርስት ነው። በመካከሉ ሱቁ የሚዘረፍበት ነጋዴና ቤቱ የሚነድበት ሸማኔ አለ። ይህ ነው እንጂ ድራማ! የተጣሉት ሁለቱም እውነት አላቸውና። ይህን ትዕይንት የሚጫወት ሰው በሽለላ ብቻ አይወጣውም። እኔ ደግሞ እላለሁ፣ ይህን ያልተጫወተ ሰው የመቅደላውን ሽጉጥ ለምን እንዳነሣ ሊያሳየን አይችልም፤ ያን ቀን ከጎኑ የቆመ ሰው ያጣው ለንደን ላይ ሳይሆን እዚሁ ደጋ ላይ ነውና።

ጎንደሬ ራሱ ከዚህ አይሸሽም። ሽማግሌዎች ጋ ቁጭ ያለ ሰው «ልጃችን» ሲሉትም፣ እሳቱን ሲያነሡበትም ይሰማል፤ በአንድ ቁጭታ፣ አንዱ ሌላውን ሳያፈርስ። መድረኩ ነው አንዱን ብቻ የመረጠው።

በ2011 ዓ.ም. ለንደን ያለው የእንግሊዝ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ከሬሳው ላይ የተቆረጠውን ጉንጉን ጠጉር ለኢትዮጵያ መለሰ። ለሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ1959 የሰጠው ሬሳውን የሣለ የአንድ ሠዓሊ ቤተሰብ ነበር። ስንት ተዋናይ በሰው ሠራሽ ሹሩባ ሲጫወተው ኖሮ እውነተኛው በሳጥን ተመልሶ መጣ። ከዚያ ጋር ያልተመለሱት መጻሕፍቱ ናቸው። ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብሎ መቅደላ ላይ ያከማቻቸውን ብራናዎች እንግሊዞች ከቀረው ምርኮ ጋር በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጭነው ወሰዱ፤ ምርኮውን ደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ሸጡት። 350 ያህሉ ብራና ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። እንግሊዝ ከመቅደላ ዘረፈች እንላለን፤ ልክ ነው። ብዙዎቹን ብራናዎች የገለጠ ሰው ግን በኅዳጋቸው ላይ የባለቤቶቹን ስም ያገኛል፤ የጎንደር አድባራትን ስም።