ሦስት እንቁላል፣ ሁለት ጫጩት

ማኅበራችን የመፈልፈያ ማሽን ሲገዛ ሥራው ሁሉ የማሽኑ መስሎን ነበር። ለመጀመሪያው ዙር እንቁላሉን ሦስት ሳምንት ሙሉ አጠራቅመን አስገባን፤ ከግማሽ በላይ ሳይፈለፈል ቀረ። ጥፋቱንም በማሽኑ ላይ አላከክን።

ይህ ሥራ ግን ከኤሌክትሪክ በፊት የነበረ ነው። ግብፃውያን እንቁላልን በፍግ ውስጥ ቀብረው እንደሚፈለፍሉ አሪስቶትል ከ2,300 ዓመት በፊት ጽፏል። ኋላም በጭቃ ጡብ ትልልቅ ምድጃ ሠርተው በኩበት አሞቁ። ቴርሞሜትር ስላልነበራቸው ሙቀቱን የሚለኩት እንቁላሉን ከዓይን ቆብ ላይ በማስነካት ነበር።

ፈረንሳዊው ሬኦሙር እ.ኤ.አ. በ1749 ስለዚሁ ጥበብ መጽሐፍ አሳትሟል። እንደ እርሱ ዘገባ የምድጃው ባለሙያ ለተረከበው 3 እንቁላል 2 ጫጩት የመመለስ ግዴታ ነበረበት። ኪሳራው ገና ከመነሻው በሂሳብ ተይዟል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ውል የገባ ሰው የቆየ እንቁላል እንዴት ይቀበላል?

እናቶቻችንም ዶሮ ሲያስታቅፉ አዲስ አዲሱን ይመርጡ ነበር። እኛ ማሽኑን አምነን ይህን ረሳን።

አሁን እንቁላሉ ላይ የተጣለበትን ቀን በእርሳስ እንጽፋለን። ሳናጥብ፣ ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርገን በቀዝቃዛ ቦታ እናስቀምጠዋለን። ከ7 ቀን ያለፈው ለምግብ ይሸጣል። ማሽን ከገባ በኋላ እስከ 18ኛው ቀን በየዕለቱ ደጋግመን እናገላብጣለን፤ በ21ኛው ቀን ጫጩት እንጠብቃለን።

እህቶች፣ የማኅበራችን ገንዘብ የሚተርፈው ወይም የሚከስረው እንቁላሉ ማሽን ከመግባቱ በፊት ነው።